ከ2 ዩኒት ወደ ዜሮ፦ ስኳር የያዘው ድመቴ ኢንሱሊን ያቆመበት መንገድ

ቅዳሜ ነበር፣ ከቀኑ 7 ሰዓት። የዳማን የምግብ ጣሳ ከፈትኩ። ጣሳ ሲከፈት ዳማ የትም ቢሆን ይሰማል። ሮጦ መጥቶ እግሬ ላይ ይታሻል። ያን ቀን አልመጣም። ሶፋው ጥግ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ግን እኔን አያይም። ስጠራው ጆሮውን እንኳን አላንቀሳቀሰም። ላነሳው ስሞክር ሰውነቱ ልፍስፍስ አለብኝ።

የስኳር መለኪያውን አምጥቼ የጆሮውን ጠርዝ ወጋሁ። 46 አለ።

ጤነኛ ድመት ስኳሩ ከ80 እስከ 120 ባለው ውስጥ ይውላል። ልክ እንደ ሰው፣ በሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት ነው። ከ60 በታች ከወረደ አደጋ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና 9 ቀኗ ነበር። እሷም ለብዙ ዓመት ስኳር አለባት። ቁጥሩን ስነግራት አልጠየቀችኝም፣ አላመነታችም። "ማር አምጪ! ቶሎ በይ!" አለች። ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ድዱን ቀባችው። "አፉ ውስጥ እንዳታፈሺበት፣ ይታነቃል" እያለች ቀስ አድርጋ ድዱን ታሸዋለች። እኔ አጠገቧ ተንበርክኬ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ከ15 ደቂቃ በኋላ 71 ደረሰ። ምላሱን አውጥቶ ማሩን ላሰ። ትንሽ ቆይቶ ተነስቶ ሳህኑ ጋ ሄደ። በግማሽ ሰዓቱ 98 ሆነ። ያኔ ነው ተንፈስ ያልኩት።

ለእንስሳት ሐኪሟ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የማታውን መርፌ እንዳልወጋ አዘዙኝ። ቀጥለው ያሉኝን አልረሳውም። "ቆሽቱ ሥራ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። የእሱ ኢንሱሊንና የአንቺ ኢንሱሊን ተደርበው ይሆናል።"

እኔ መጥፎ ዜና ስጠብቅ ለካ የተሻለው ድመት ላይ ነበር ያን ሁሉ መርፌ የምወጋው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው። የድመት ስኳር ሲሻለው "ተሻለኝ" ብሎ አይመጣም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ስኳሩ ከሚገባው በላይ ሲወርድ ነው። የማይለካ ሰው ያን አያይም።

እንዴት እንደያዘው

ዳማ 10 ዓመቱ ነው። የተኮላሸ ወንድ ነው። ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው፣ ልክ እንደ ዳማ ፈረስ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አፓርታማ ላይ ነው። ያኔ 7.4 ኪሎ ይመዝን ነበር። ደረቅ ምግቡ ቀኑን ሙሉ ሳህኑ ላይ ይውላል። ወፍራም፣ የተኮላሸ ወንድ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ከቤት የማይወጣ። ስኳር የሚያጠቃው ድመት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። እኔ አላወቅኩም ነበር። ወፍራም ድመት ደስ የሚል ድመት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ቆዳው ያሳክከው ጀመር። የወሰድኩበት ክሊኒክ ለብዙ ሳምንት የሚቆይ የስቴሮይድ መርፌ ወጋው። በ4 ወር ውስጥ 2 ጊዜ። ማሳከኩ ጠፋ። ስቴሮይድ ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ እንደሚያደርግ፣ ወፍራም ድመት ላይ ስኳር ሊያስነሳ እንደሚችል ግን ማንም አልነገረኝም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መድኃኒቱ አይሰጥ አልልም፣ ሕይወት የሚያተርፍበት ጊዜ አለ። "ውሃ መጠጣቱን ተከታተይ" የሚል አንዲት ቃል ግን ብዙ ነገር ታድን ነበር።

ከሁለተኛው መርፌ ወደ 5 ሳምንት ገደማ በኋላ ውሃ ማቆም አቃተው። ከሻወር ወለል ላይ ሳይቀር ይልሳል። የሚሸናበት አሸዋ ውስጥ ሽንቱ አሸዋውን አጣብቆ የሚሠራው ጓል የብርቱካን ያህል ሆነ። ይበላል፣ ይበላል፣ ግን ይከሳል። 6.1 ኪሎ ገባ። ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ አረማመዱ ነው። ድመት በጣቷ ነው የምትራመደው። ዳማ ግን የኋላ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ መሬት ላይ አስተኝቶ፣ እንደ ጥንቸል እየተጎተተ ይሄድ ጀመር። ስኳር ነርቩን ሲጎዳው እንዲህ ይሆናል።

ሌላ ክሊኒክ ወሰድኩት። የደሙ ስኳር 412 ነበር። ሐኪሟ በዚህ ብቻ አልፈረዱም። ድመት ስትደነግጥ፣ መኪና ውስጥ ተጭና ክሊኒክ ስትገባ፣ ስኳሯ ብቻውን ከ300 በላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ፍሩክቶሳሚን የሚባለውን ምርመራ ጨመሩ። እሱ ያለፉትን 2 እና 3 ሳምንታት ሁኔታ ነው የሚያሳየው፣ የዛሬ ድንጋጤ አይለውጠውም። እሱም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሽንቱ ውስጥ ስኳር አለ፣ ኬቶን (ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው) ግን የለም። በቃ፣ ስኳር ነው።

ተስፋው ከየት ይመጣል?

ያን ቀን እያለቀስኩ ነበር። ሐኪሟ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ቁጭ አሉና አስረዱኝ።

የድመት ስኳር የሰውን ዓይነት 2 ይመስላል። ቆሽቱ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ሰውነቱ ኢንሱሊንን እምቢ ይላል፣ ቆሽቱ ደግሞ አብዝቶ ለማምረት ሲታገል ይደክማል። ስኳሩ ከፍ ብሎ በቆየ ቁጥር ስኳሩ ራሱ የቆሽቱን ሴሎች ይመርዛል። ስኳሩን በኢንሱሊን ቶሎ ካወረድነው ግን ሴሎቹ ያርፋሉ። ካረፉ በኋላ የቀሩት ተነስተው ሥራ ሊጀምሩ ይችላሉ። ያኔ ድመቱ ያለ መርፌ ይኖራል። በእንግሊዝኛው ሬሚሽን የሚሉት ይሄ ነው። ውሻ ላይ እምብዛም አይታይም፣ ድመት ላይ ግን አለ።

ቶሎ የሚለው ቃል ላይ ጫን አሉ። ኪርስተን ሩምፕ እና ጃኪ ራንድ በ2009 ያወጡት ጥናት አለ። 55 ድመቶች በግላርጂን ኢንሱሊን ታከሙ፣ ባለቤቶቻቸውም ቤት ውስጥ በደንብ ይለኩ ነበር። ከነዚህ 64 በመቶው ኢንሱሊን አቁመዋል። ስኳር በተገኘባቸው በ6 ወር ውስጥ ይህን ጥብቅ ክትትል የጀመሩትን ብቻ ብናይ ደግሞ 84 በመቶ ደርሷል። ዘግይተው የጀመሩት ላይ 35 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ለሁሉም ድመት ቃል አይገባም። ባለቤቶቹ በጣም የተጉ ነበሩ፣ ሌሎች ጥናቶች ላይም ከዚህ ያነሰ ውጤት ታይቷል። እኔን ግን ከወንበሬ አስነሳኝ።

የስቴሮይዱ ነገርም ተስፋ ሆነ። ስኳሩን ያስነሳው መድኃኒት ከሰውነት ሲወጣ የመሻሉ ዕድል ይጨምራል። ሐኪሟ ፋይሉ ላይ በቀይ "ስቴሮይድ አይሰጠው" ብለው ጻፉ። ማሳከኩም የቁንጫ አለርጂ ሆኖ ተገኘ። በየወሩ ጀርባው ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ብቻ በቂው ነበር።

ብዙ ሰው "ኪኒን የለውም ወይ?" ይለኛል። አለ። አሜሪካ ውስጥ ለድመት ስኳር የሚዋጥ የመጀመሪያው መድኃኒት በ2022 መጨረሻ ፈቃድ አግኝቷል። ኢንሱሊን ለጀመረ ድመት ግን አይሰጥም፣ ለሌሎቹም ብዙ ጥንቃቄ አለው። ለዳማ አልሆነም።

መርፌው፣ ምግቡና ደብተሩ

በግላርጂን ጀመርን፣ ሰዎች ላንተስ የሚሉት ነው። 1 ዩኒት ጠዋት 1 ሰዓት፣ 1 ዩኒት ማታ 1 ሰዓት። ደረቁን ምግብ ቀስ በቀስ አውጥተን ካርቦሃይድሬቱ ያነሰ የጣሳ ምግብ አስገባን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ምግቡን ብቻ መቀየር የኢንሱሊኑን ፍላጎት ሊቀንሰው ይችላል። ኢንሱሊን እየወሰደ ያለ ድመት ምግቡ ሲቀየር መለኪያው ከእጅ መራቅ የለበትም።

ስሪንጁ ላይም እንዲሁ። ላንተስ 100 ዩኒት በሚሊ ሊትር ነው። ለእንስሳት ብቻ የተሠሩ 40 ዩኒት በሚሊ ሊትር የሆኑ ኢንሱሊኖች አሉ፣ የራሳቸው ስሪንጅ አላቸው። ስሪንጁ ከጠርሙሱ ጋር ካልተስማማ መጠኑ ከእጥፍ በላይ ሊዛባ ይችላል። እኔ የያዝኩት 30 ዩኒት ብቻ የሚይዝ ትንሹን፣ የግማሽ ዩኒት መስመር ያለውን ነበር። ኋላ ላይ ስንቀንስ የጠቀመን ያ ግማሽ መስመር ነው።

ጆሮውን መውጋት ተለማመድኩ። ካልሲ ውስጥ ሩዝ ጨምሬ ማይክሮዌቭ ላይ ሞቅ አድርጌ ጆሮው ላይ አስደግፋለሁ። ጠርዙ ላይ ያለችው ቀጭን ደም ሥር ቀላ ስትል ከጎኗ ነካ። የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጠብታ በቂ ናት። ሲጨርስ የተቀቀለ ዶሮ ይሰጠዋል። በ2ኛው ሳምንት ካልሲውን ሲያይ ራሱ መጥቶ መቀመጥ ጀመረ።

መጠኑ ወደ 1.5 ከፍ አለ፣ በ3ኛው ሳምንት መጨረሻ 2 ገባ። ሁሉንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በ5ኛው ሳምንት ከ190 እስከ 240። በ7ኛው ከ130 እስከ 170። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ሰለቸኝ። የቀን መሃሉን መለካት ተውኩ። ከመርፌ በፊት ብቻ፣ ጠዋትና ማታ እለካለሁ።

ስህተቱ እዚህ ነው። ከመርፌ በፊት ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የ12 ሰዓቱ ከፍተኛው ነው። ዝቅተኛው መሃል ላይ ነው ያለው። በ8ኛው ሳምንት ደብተሬ ላይ 128፣ 119፣ 112፣ 109 የሚል ተጽፏል። እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ትንሽ ልብ ሥያለሁ። ከልቡ ሥር ደግሞ "2 ዩኒት" ይላል። ከመርፌ በፊት 109 የሆነ ድመት 2 ዩኒት ሲወጋ ከቀትር በኋላ የት እንደሚደርስ አላሰብኩም።

ሌላውም ምልክት ቤቱ ውስጥ ሞልቶ ነበር። የአሸዋው ጓል ከብርቱካን ወደ ሎሚ ወርዷል። የውሃ ሳህኑ ማታም ሙሉ ነው። ክብደቱ 6.6 ኪሎ ሆኗል፣ የምግቡ ፍላጎት ግን ልክ ገብቷል። አንድ ቀን መስኮት ላይ ዘለለ፣ በጣቶቹ ቆሞ። እናቴ በመጣች በ3ኛው ቀን "ይሄ ውሮ ታማሚ ነው ያልሽኝ? ውሃ እንኳን ሲጠጣ አላየሁትም እኮ" ብላኝ ነበር። እኔም "ኢንሱሊኑ ሠርቶለት ነው እማዬ" አልኳት። ይሄ ሁሉ ምልክት አንድ ላይ ሲመጣ መጠኑን እንደገና ማየት እንደሚያስፈልግ አልገባኝም።

በሽንት ስትሪፕ (ሽንት ውስጥ ስኳር መኖሩን በሚያሳየው ወረቀት) ብቻ ለሚከታተል ሰውም አንድ ቃል። የድመት ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት የሚለቀው ደሙ ውስጥ ያለው ወደ 250 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ስትሪፑ "ስኳር የለም" ካለ ደሙ 200ም ሊሆን ይችላል፣ 45ም ሊሆን ይችላል። ስትሪፑ ለቀናት ንጹሕ ከሆነ ደሙን ለኩ፣ ሐኪም ጋ ደውሉ።

አወራረዱ

የዚያን ቅዳሜ ማታ 104 ነበር። አልወጋንም። እሑድ ጠዋት 171 ሆነ። ሐኪሟ መጠኑን በግማሽ ቆርጠው 1 ዩኒት አደረጉት። ትከሻው ላይ ፀጉሩን ላጭተው ለሰው የሚሠራውን፣ ቀንና ሌሊት ስኳር የሚለካውን የ14 ቀን ሴንሰር ለጠፉለት። ዳማ በ6ኛው ቀን ነቅሎ ጣለው። 6ቱ ቀን ግን ብዙ አስተማረን። ዝቅ የሚለው ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ነበር፣ እኔ እንቅልፍ ላይ ሳለሁ። ሴንሰሩ ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያሳይ ከጆሮው ደም ማረጋገጥ እንዳለብኝም ተነገረኝ።

በዚህ መሃል እናቴ በራሷ መለኪያ ለካችው። የሷ 61 አለ። የድመቱ መለኪያ በዚያው ደቂቃ 84። ደነገጠች። የሰው መለኪያ የድመት ደም ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። የሰው መለኪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ክፋት የለውም፣ ግን ሐኪማችሁ በየትኛው እንደለካችሁ ይወቁ፣ አንዱን ይዛችሁም ቀጥሉ።

በ1 ዩኒት 2 ሳምንት ቆየን። ከመርፌ በፊት ከ98 እስከ 125፣ መሃል ላይ ከ74 እስከ 90። ወደ 0.5 ወረድን።

በ12ኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ጠዋት 88 አየሁ። "ድኗል" አልኩ። ለሐኪሟ ሳልነግር 3 መርፌ ተውኩ። ከ36 ሰዓት በኋላ 226 ገባ። እያፈርኩ ደወልኩ። አልተቆጡኝም። "ሴሎቹ ከሕመም እንደተነሳ ሰው ናቸው። ወዲያው እርሻ አትላኪያቸውም። ትንሿ ኢንሱሊን ሸክሙን ታግዛቸዋለች" አሉኝ፣ በራሳቸው ቋንቋ ይሄንኑ በሚመስል አባባል። አንድ ጥሩ ቁጥር ምንም አያረጋግጥም። ቁጥሩ በአንድ መጠን ላይ ለሳምንትና ለ2 ሳምንት ጸንቶ ሲቆይ ነው ቀጣዩ ደረጃ የሚወረደው።

ተመለስን 0.5። በ13ኛውና በ14ኛው ሳምንት ከፍተኛው 115፣ ዝቅተኛው 78። በ15ኛው ሳምንት 0.5 በቀን 1 ጊዜ ብቻ። የዚህን መጠን ጠብታ ስሪንጁ ውስጥ ማየት እንኳን ያስቸግራል። ብርሃን ላይ ይዤ፣ ዓይኔን አጥብቤ ነበር የምቀዳው። ቁጥሩ አልተነቃነቀም።

በ16ኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ 94። ሐኪሟ "ዛሬ አትውጊው" አሉኝ። ጠርሙሱን ወደ ፍሪጁ መለስኩት።

እነዚህ ቁጥሮች የዳማ ናቸው። ለሌላ ድመት ልክ አይደሉም። አወራረዱን የእናንተን ድመት የሚያውቅ ሐኪም ይወስን።

ተሻለው ወይስ ዳነ?

መርፌ ካቆመ በኋላ ለ2 ሳምንት በየቀኑ ለካሁት። ከ86 እስከ 118። አንድ ቀን ብቻ 151፣ እሱም ጎረቤት ውሻ ይዞ የገባ ቀን ነው። ከዚያ በሳምንት 2 ጊዜ። 4 ሳምንት ሙሉ ያለ ኢንሱሊን ሲሞላው ክሊኒክ ሄድን። ፍሩክቶሳሚኑ ጤነኛው መጠን ውስጥ ነበር። ሬሚሽን የሚለውን ቃል ሐኪሟ የተጠቀሙት ያን ቀን ነው፣ ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ አላሉትም።

ማታ ለእናቴ በስልክ ላስረዳት ስሞክር ቃል አጣሁ። "ዳነ ማለት ነው?" አለችኝ። አይደለም። በኛ ቋንቋ "ዳነ" ሌላ ነው፣ "ተሻለው" ሌላ ነው። ዳማ ተሻለው። ቆሽቱ የቀረውን ይዞ ነው የሚሠራው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ኢንሱሊን ካቆሙ ድመቶች ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ስኳሩ ተመልሶ ይይዛቸዋል። ደረቅ ምግብ፣ ውፍረት፣ ስቴሮይድ፣ የጥርስ ሕመም፣ ማንኛውም ኢንፌክሽን ሊመልሰው ይችላል። እናቴ ትንሽ ዝም አለችና "ምሕረት አግኝቷል በያ" አለች። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም።

አሁን 7 ወር ሆነው። 6.3 ኪሎ ላይ ነው። ጥርሱን አጸዳንለት፣ 2 የተበላሹ ጥርሶች ወጡ። ደረቅ ምግብ ቤቴ አይገባም። የሽንቱን ጓል በየጠዋቱ አያለሁ፣ በየወሩ እመዝነዋለሁ፣ እሑድ እሑድ እለካዋለሁ። ካልሲው አሁንም መሳቢያው ውስጥ ነው። ባለፈው እሑድ ሳሞቀው ማይክሮዌቩ ሳይጮህ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ጆሮውን ወደኔ አድርጎ። 97።